ሦስት ነፍስ ይዞ መሮጥ፤ «ኮንትራ» የተባለው ጨዋታ ደስታው ከምን ይመጣል?

ጨዋታ የሕፃንነት ሥራ ነው። ሕፃን ሲጫወት ለእኛ ጊዜውን የሚያባክን ይመስለናል እንጂ እርሱስ በትጋት ላይ ነው። ዐይኑን፥ እጁንና ልቡን በአንድነት የሚያሠራው ነገር ባገኘ ጊዜ እናቱ ብትጠራው አይሰማም፤ ራት ቢቀርብለት አይመጣም። አባትም «ይህን ልጅ ምን ነካው?» ብሎ ይቈጣል። ነገር ግን ምን እንደ ነካው ተቀምጦ የሚመረምር አባት ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ ያሰብነው ይህንኑ ምርመራ ነው፤ ይኸውም በእንጅባራና በዳንግላ፥ በሌሎቹም የአዊ ከተሞች ልጆቻችንን አፍዝዞ ስለሚይዘው ስለ ሩጫና ስለ ተኩስ የቪዲዮ ጨዋታ ነው።

እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ለብዙዎቹ ታላቅ ወንድም የሆነውን «ኮንትራ» የተባለውን መርጠናል። ዕድሜው ወደ አርባ ዓመት ተጠግቷል፤ ሆኖም አላረጀም። አስቀድሞ በቴሌቪዥን ላይ በሚሰካ ሣጥን መጣ፤ ኋላም በትንሹ ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልጆቹ ፊልምና ዘፈን ከሚጭነው ባለሱቅ ዘንድ ሄደው በሜሞሪ ያስጭኑታል፤ ወይም ከጓደኛ ስልክ በዜንደር ይቀባበሉታል። ኢንተርኔትም አይፈልግም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ፥ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ዘመን፥ ያለ ኢንተርኔት የማይሠሩት አዲሶቹ ጨዋታዎች ዝም ሲሉ፥ ይህን የመሰሉት አሮጌዎቹ በልጆች እጅ ሥራቸውን አላቋረጡም።

በዚህም ምክንያት የወላጆች ጥያቄ ስለ ባከነ ጊዜና ስለ ቀረ ጥናት ብቻ አይደለም። ከወላጆች መካከል «መምህር፥ እውነተኛውን ተኩስ በጆሯችን በሰማንበት አገር ልጄ በተኩስ ሲጫወት ሳየው ሆዴ ይባባል፤ ልቡ አይደነድንም ወይ? ምን ይሉኛል?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። «ምንም አይደለም፤ ልጅ ነው» ብሎ ማለፍም፥ «ጣዪው» ብሎ መፍረድም ቀላል ነው። መልሱ ግን የሚገኘው ልጁ የሚደሰትበት ነገር በእውነት ምን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ጨዋታውን እንወቀው፤ ከዚያ በኋላ እንፈርዳለን።

ጨዋታው እንዴት ያለ ነው?

«ኮንትራ»ን የሠራው ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። መጀመሪያ በ1987 ዓ.ም. (ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሳንቲም እየተከፈለበት ቆመው በሚጫወቱበት ትልቅ ሣጥን ወጣ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ኒንቴንዶ ለሚባለው የቤት መጫወቻ ተዘጋጀ። በዓለም ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ይህ ሁለተኛው ነው።

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ወላጅ እንዲህ ብለን እናስረዳለን። ሥዕል የተሣለበት ረጅም የጥቅል ብራና በአንድ ወገን ሲተረተር፥ በሌላው ወገን ሲጠቀለል፥ ሥዕሉ በፊታችሁ እያለፈ እንደሚሄድ አስቡ። በዚህ ብራና ላይ አንድ ትንሽ ወታደር ቆሟል። ወታደሩ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ከፊቱ አዲስ አገር ይተረተራል፤ ከኋላው ያለው ይጠቀለላል። የተጠቀለለውም ስፍራ ተመልሶ አይገኝም። ልጁ የያዘው መጫወቻ በግራ በኩል የመስቀል ቅርጽ ያለው መጫኛ፥ በቀኝ በኩል ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱ ለዝላይ፥ አንዱ ለተኩስ። ወታደሩ ይሮጣል፥ በአየር ላይ ተገልብጦ ይዘላል፥ በሆዱ ይተኛል፥ በስምንት አቅጣጫ ይተኩሳል። ውኃ ሲያገኝ ይገባበታል፤ ጥይት ሲመጣበትም ራሱን ከውኃው በታች ይሰውራል፤ ነገር ግን ከውኃው በታች ሳለ ሊተኩስ አይችልም። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ሕጉ ያስገድደዋል።

መንገዱ ስምንት ደረጃዎች አሉት። በጫካ ይጀምራል፤ በዚያም ወታደሩ ሲሻገር ድልድዩ ከእግሩ ሥር እየፈነዳ ይፈርሳል። ከዚያም ወደ ምሽግ፥ ወደ ፏፏቴ፥ ዳግመኛ ወደ ምሽግ፥ ወደ በረዶ ሜዳ፥ እሳት ወደሚተፋበት ስፍራ፥ ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከሌላ ዓለም የመጣው አውሬ ልቡ ወደሚመታበት ዋሻ ይገባል። ይህ ሁሉ አገር፥ ከነሙዚቃው፥ የተጻፈው 128 ኪሎባይት በሆነች ቦታ ላይ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሠሪዎቹ ቦታ ስለ ጠበባቸው ትርፍ ነገር ማኖር አልቻሉም፤ ስለዚህም በጨዋታው ውስጥ የቀረው አስፈላጊው ብቻ ሆነ።

ደስታው ከምን ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ፍርሃት ነው። ልጁ ጨዋታውን ሲጀምር ሦስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ ልጆቹ «ላይፍ» ይሉታል። በብዙ ጨዋታ ተጫዋቹ ቢመታም ቍስሉን ተሸክሞ ይቀጥላል። በ«ኮንትራ» ግን ቍስል የሚባል ነገር የለም። የጤፍ ፍሬ የምታህል አንዲት ነጭ ነጥብ ከነካችው ይወድቃል። ሦስቱም ነፍስ ሲያልቅ ከደረጃው መጀመሪያ እንዲቀጥል ጥቂት ጊዜ ይፈቀድለታል፤ ያም ሲያልቅ እንደገና ከጫካው ይነሣል። ስለዚህ ልጁ በእያንዳንዱ እርምጃ በጠባብ ገደል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ያፈሳሉ፤ ልቡ ይመታል፤ መዳፉ ያልበዋል። ነገር ግን አካሉ እውነተኛ አደጋ እንዳላገኘው አእምሮው ያውቃል። ፍርሃት ያለ ጉዳት ሲመጣ ደስታ ይሆናል። ሕፃን በአባቱ እጅ ወደ ላይ ተወርውሮ ሲቀለብ የሚስቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ያገኙትን የማጣት ሥጋት ነው። በመንገዱ ላይ በአየር የምትበር አንዲት ሙዳይ ትመጣለች፤ ልጁ መትቶ ሲጥላት ፊደል የተጻፈበት መሣሪያ ይወድቅለታል። ከሁሉ የሚወደደው «ኤስ» የተባለው ነው፤ አምስት ጥይት በአንድ ጊዜ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይበትናል። ይህን የያዘ ልጅ ንጉሥ ነው። ግን አንድ ጊዜ ከወደቀ መሣሪያው አብሮት ይጠፋል፤ በቀድሞው ደካማ ጠመንጃ ይነሣል። አስተውላችሁ ከሆነ፥ ባዶ እጁን ሳለ በድፍረት ይሮጥ የነበረው ልጅ «ኤስ»ን ካገኘ በኋላ ይጠነቀቃል፤ ቆም ይላል፤ አሻግሮ ያያል። ሀብት ሰውን እንዴት እንደሚያስፈራው በዚህች ትንሽ መስተዋት ይታያል።

ሦስተኛው ምንጭ ትምህርት ነው፤ ይህንንም ብዙ ወላጅ አያስተውለውም። የ«ኮንትራ» ጠላቶች አብዛኛዎቹ ዘወትር በአንድ ስፍራ ይቆማሉ። መድፉ ትናንት ከነበረበት ዛሬም አለ፤ ከገደሉ በላይ ያለው ተኳሽ ነገም እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የማይቻል የመሰለው መንገድ በመደጋገም ይታወቃል። ልጁ ዐሥር ጊዜ በወደቀበት ስፍራ በዐሥራ አንደኛው ያልፋል፤ ባለፈም ጊዜ ከመቀመጫው ዘሎ ይነሣል። የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ዳዊትን የደገመ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል። ትናንት ምላስን ያሰረ ቃል ዛሬ እንደ ውኃ ሲፈስ፥ በቃል የተያዘው ነገር እኛን ተሸክሞ ሲሄድ የሚሰማን ደስታ ነው። የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ሁላችን ሰምተናል፤ ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ዐርፎ፥ እየወደቀች ደጋግማ የምትወጣውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ያች ትል ያስተማረችው ትዕግሥትን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ውድቀት ወደ ላይ የሚያስጠጋ መሆኑን ጭምር ነው።

ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለ በሀንጋሪ ቤተሰብ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1990 ዓ.ም. ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አብራርቷል። ሥራው ከሠራተኛው ችሎታ እጅግ ሲበልጥ ሰው ይጨነቃል፤ እጅግ ሲያንስ ይሰለቻል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ግን ሰው ራሱንም ጊዜንም ረስቶ በሥራው ውስጥ ይሰጥማል። ልጃችሁ ስትጠሩት የማይሰማችሁ ከንቀት የተነሣ ላይሆን ይችላል። መንገዱና ችሎታው ተመጣጥነውለት ሰምጦ ነው።

አራተኛው ምንጭ ባልንጀራ ነው። «ኮንትራ»ን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ጊዜ ይጫወቱታል፤ ሁለቱ ወታደሮች ቢልና ላንስ ይባላሉ። እርስ በርሳቸው አይተኳኰሱም፤ አብረው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ግን አንድ ፈተና ይመጣል። እዚያ ብራናው ወደ ጎን መተርተሩን ትቶ ወደ ላይ ይተረተራል፤ ወታደሮቹ በፏፏቴው አጠገብ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ይወጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ቸኩሎ ቀድሞ ከወጣ ሥዕሉ እርሱን ተከትሎ ከፍ ይላል፤ ከታች የቀረው ባልንጀራው ከሥዕሉ በታች ሆኖ ይሞታል። የገደለው ጠላት አይደለም፤ የወዳጁ ችኮላ ነው። ሁለት ወንድማማቾች እዚህ ስፍራ ሲደርሱ የሚጮኹትን ጩኸት የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ቆይ! ጠብቀኝ! አሁን ና!» ይባባላሉ። ታላቅ ወንድም ታናሹን መጠበቅ የሚማርበት ጨዋታ ርካሽ ጨዋታ አይደለም።

ደስታው ለአዊ እንግዳ አይደለም

እነዚህን አራት ነገሮች፥ ማለትም ፍርሃትን፥ ሥጋትን፥ ልምምድንና ባልንጀራን፥ በአንድ ላይ ያየ የአዊ ሰው «ይህንስ ዐውቀዋለሁ» ሊል ይገባዋል፤ ጉግስ ነውና። በ1932 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ በሽምጥ ግልቢያና በጉግስ ሜዳው ይናወጣል። በጉግስ አንዱ ወገን እየጋለበ ይሸሻል፤ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው በጋሻው ጀርባውን ይሸፍናል፤ ጎንበስ ይላል፤ ፈረሱን ያጥፋል። በኋላም ተራው ይለወጥና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ሩጫ አለ፤ ውርወራ አለ፤ በጠባብ መትረፍ አለ፤ ወገን አለ።

ነገር ግን አባቶቻችን በዚህ ጨዋታ ያደረጉትን ጥበብ እናስተውል። ጉግስ ከጦርነት ልምምድ የወጣ ነው፤ ሆኖም በጦሩ ፈንታ ስለት የሌለውን ዘንግ አኖሩ። መግደልን ከጨዋታው አውጥተው ደስታውን አስቀሩ። ደስታው ከስለቱ የመጣ ቢሆን ኖሮ ስለቱ ሲወጣ ደስታውም በወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬም የፈረሱን ኮቴ ሲሰማ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሣል።

በዘመናችን ሥራ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት በ2018 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። ስሙ ሁላችን በልጅነት የተደባበቅንበትን ጨዋታ ያስታውሰናል። በዚያ የምትሮጠው ወታደር ሳትሆን ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ጠመንጃ የለም፤ ሩጫውና ማምለጡ ግን አለ፤ ልጆችም በእርሱ ይደሰታሉ። እንግዲህ ከጉግስም ከ«ኩኩሉ»ም የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ ልብን የሚያስመታው ጠመንጃው ሳይሆን በጠባቧ በር ማምለጡ ነው።

ስለ ሠላሳው ነፍስ

ስለ «ኮንትራ» ሲነገር የማይቀር አንድ ታሪክ አለ። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለ የኮናሚ ሠራተኛ «ግራዲየስ» የተባለ ሌላ ጨዋታ ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ፥ ጨዋታው እጅግ ስለ ከበደው ሥራውን እስከ መጨረሻው መፈተን አልቻለም። ስለዚህ ለራሱ መርጃ የምትሆን ምሥጢራዊ የቁልፍ ቅደም ተከተል አኖረ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፥ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፥ ግራ፥ ቀኝ፥ ግራ፥ ቀኝ፥ ከዚያም ሁለቱን ቁልፎች በተራ። ጨዋታው በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ምሥጢሩም አብሮ ወጣ። ኋላም በ«ኮንትራ» ላይ ሲገባ በሦስት ነፍስ ፈንታ ሠላሳ ነፍስ የሚሰጥ ሆነ። ሃሺሞቶ በ2020 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ያኖራትን ቅደም ተከተል ግን በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች በጣታቸው ያውቋታል።

በዚህ ላይ ልጆች ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ፤ «በሠላሳ የጨረሰ አልጨረሰም» የሚሉ አሉ፤ «ያለ ሠላሳው መጨረሻውን ማን ያየዋል?» የሚሉም አሉ። እኛ ግን ሁለቱንም በመቋሚያ ምሳሌ እናስታርቃቸዋለን። መቋሚያ ሌሊቱን ለሚቆም ሰው ይረዳዋል እንጂ ስለ እርሱ አይቆምለትም። ሠላሳ ነፍስ ያለው ልጅ መንገዱን ለማየትና ለመማር ዕድል ያገኛል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነፍስ ርካሽ ስለ ሆነበት ጥንቃቄው ይላላል፤ ልቡም እንደ ቀድሞው አይመታም። መንገዱን በሠላሳ ተምሮ ኋላ በሦስት የሚሞክር ልጅ ግን የደስታውን ሙላት ያገኛል። ነፍስ ስትበዛ ዋጋዋ ይቀንሳል፤ ስታንስ ትከብራለች። ይህን በጨዋታ የተረዳ ልጅ፥ ለሰው የተሰጠችው ነፍስ አንዲት ብቻ መሆኗን ስንነግረው ቃላችን በባዶ መሬት ላይ አይወድቅም።

ተኩሱስ?

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፥ ተኩስ ያለባቸው ጨዋታዎች ከመቈጣትና ከመገፋፋት ጋራ መጠነኛ ግንኙነት እንዳላቸው ሲገልጥ፥ ለብርቱ ወንጀልና ለግድያ ምክንያት ናቸው ማለት ግን በቂ ማስረጃ የሌለው መሆኑን አስታውቋል። ይህ ለወላጅ ግማሽ መጽናኛ ነው። ግማሹን ራሱ ሊመረምር ይገባዋል።

ሁሉም የተኩስ ጨዋታ አንድ ዐይነት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ናዝካ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራውን «ሜታል ስላግ»ን እንመልከት። በዚያም ሩጫና ተኩስ አለ። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ጢማቸው የረዘመ እስረኞች ታስረው ይገኛሉ። ተጫዋቹ ሲፈታቸው ስጦታ ሰጥተው ሰላምታ ያቀርባሉ። በደረጃው መጨረሻም የተፈቱት እስረኞች ስማቸውና ማዕርጋቸው እየተጠራ ይቈጠራሉ፤ በመካከሉ ተጫዋቹ ከወደቀ ያጠራቀመው ቍጥር ይጠፋበታል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ጐበዝ የሚባለው ብዙ የገደለ ብቻ አይደለም፤ ብዙ አስፈትቶ ሳይወድቅ የደረሰ ነው። ወላጅ «ልጄ የሚጫወተው የተኩስ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ «ጨዋታው ልጄን የሚያመሰግነው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይረዳል። ሰላማዊውን ሰው መግደል የሚያስመሰግንበት ጨዋታ ካለ በቤታችን ስፍራ ሊኖረው አይገባም፤ ይህን ያለ ማመንታት እንናገራለን።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ሕፃናት እውነተኛውን ተኩስ ሰምተዋል፤ የተዘጋ ትምህርት ቤትም አይተዋል። የሕፃናትን አእምሮ የሚያጠኑ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ ብርቱ ድንጋጤ ያገኘው ሕፃን ያየውን ነገር በጨዋታ ይደጋግመዋል። ይህ መደጋገም አንዳንድ ጊዜ የመፈወሻ መንገድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሕፃኑ ያለ ሣቅ፥ ያለ ለውጥ፥ ያንኑ ነገር እንደ ታሰረ ሰው ይደጋግመዋል፤ ከተጫወተም በኋላ አይቀለውም፤ ይልቁንም ይከብደዋል። የጨዋታ ደስታ ከምን እንደሚመጣ መመርመራችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ሲወድቅ «ወይኔ!» ብሎ የሚስቅ፥ ጓደኛውን የሚጠራ፥ ያለፈውን ደረጃ ለእናቱ የሚተርክ ልጅ በጨዋታ ላይ ነው፤ ጠመንጃው ከቀርከሃ ቢሆን ከብርሃንም ቢሆን አያስፈራንም። ፊቱ ሳይፈታ ለብቻው የሚተኩስ፥ ሌሊት የሚባንን፥ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ ግን ጨዋታውን ስለ ነጠቁት አይድንም። እርሱ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው፥ የሰማውንና ያየውን የሚያዳምጠው ዘመድ፥ ቢቻልም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። እንግዲህ ወላጅ የልጁን እጅ ብቻ ሳይሆን ፊቱን ይመልከት።

ስለ ልክ

ደስታ ያለበት ነገር ሁሉ ልክ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በግንቦት ወር 2019 ዓ.ም. ባጸደቀውና ከጥር ወር 2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከልክ ያለፈ ጨዋታ እንደ ሕመም ተመዝግቧል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ መጀመርንና ማቆምን መግዛት አለመቻል፥ ጨዋታውን ከሌላው የሕይወት ተግባር ሁሉ ማስቀደም፥ ጉዳቱ እየታየ እንኳ መቀጠል። ይህም ሕመም ነው ለማለት አብዛኛውን ጊዜ 12 ወራት ያህል መቈየት አለበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ«ኮንትራ» የሰመጠ ልጅ በሽተኛ አይደለም። ግን ሦስቱን ምልክቶች ማወቅ ወላጅን ከከንቱ ፍርሃትም፥ ከከንቱ ቸልታም ያድነዋል።

ለዚህም «ኮንትራ» ከብዙዎቹ አዲሶች የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ መጨረሻ አለው። ስምንት ደረጃ ነው፤ የአውሬው ልብ ሲፈነዳ ሄሊኮፕተሯ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ደሴቱ ይፈነዳል፤ ጨዋታው አለቀ። የሚያውቅ ሰው በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ዛሬ ግን መጨረሻ የሌላቸው፥ በየቀኑ «ተመለስ» እያሉ የሚጣሩ፥ ከወላጅ ስልክ ገንዘብ የሚያስወጡ ጨዋታዎች መጥተዋል። ልጁ ማቆም አቃተው ስንል ጨዋታው ራሱ እንዳይቆም ሆኖ መሠራቱን አንርሳ። ስለዚህ ሰዓት በመቍጠር ብቻ ከመጨቃጨቅ ይልቅ በደረጃ መስማማት ይሻላል። «ፏፏቴውን ስታልፍ ትነሣለህ» የተባለ ልጅ «አሁኑኑ አጥፋ» ከተባለው ይልቅ በሰላም ይነሣል፤ የያዘውን ሥራ ፈጽሞ መነሣት ለማንም ሰው ክብር ነውና። የጥናት ሰዓትና የእንቅልፍ ሰዓት ግን አስቀድሞ ይወሰን፤ በተወሰነውም ይጽና። ታላቅ ለታናሽ ተራ ይልቀቅ፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ተራዋን ታግኝ። ወንዶቹ መጫወቻውን ይዘው እርስዋ ቡና የምታቀራርብበት ቤት ፍትሕ የጐደለው ቤት ነው፤ ፏፏቴውን ለመውጣት የሚያስፈልገው ዐይንና ትዕግሥት ለሁለቱም እኩል ተሰጥቷልና።

ከዚህም ሁሉ በላይ ለወላጆች የምናቀርበው ምክር አንድ ነው። የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፥ ሁለተኛውን መጫወቻ ራሳችሁ ያዙ። ጣታችሁ እንደ ልጆቻችሁ አይፈጥንም፤ በመጀመሪያው ድልድይ ላይ ትወድቃላችሁ፤ ልጃችሁም ይስቅባችኋል። ይሳቅ። በሌላው ጊዜ ሁሉ እናንተ ታውቃላችሁ፥ እርሱ ይማራል፤ ለዚህች ግማሽ ሰዓት ግን እርሱ መምህር፥ እናንተ ተማሪ ትሆናላችሁ። ሲያስተምራችሁ ምን ያህል እንደሚታገሥ ታያላችሁ፤ ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሣ፥ ሲያሸንፍ ማንን እንደሚያይ ታያላችሁ። ስለ ተኩሱ የሚሰማውንም፥ ስለ እውነተኛው ተኩስ የሰማውንም፥ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብትጠይቁት የማይነግራችሁን፥ ጎን ለጎን ሆናችሁ ሁለታችሁም ወደ አንድ ሥዕል ስትመለከቱ ይነግራችሁ ይሆናል። ፏፏቴው ላይ ስትደርሱም ልጁ ቀድሞ ወጥቶ እናንተ ከታች ትቀራላችሁ። ያን ጊዜ «ጠብቀኝ» በሉት፤ የሚጠብቃችሁ እንደ ሆነም እዩ።